ከገበያነሽ አልጋ ሥር የከረመ አደራ

ኮልፌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይዘሪት ዋጋነሽ፤ ስዊድን አገር፣ ኡፕሳላ።

የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩንም በረዶውንም ተሻግሮ ደጅሽ ይድረስ። እኔ አጎትሽ ደበላ፣ ባለቤቴ ሸዋገነት፣ ልጃችን ገበያነሽም ጭምር በመድኃኔዓለም ቸርነት ደህና ነን። እናትሽ የአክስቴ ልጅ ብቻ ሳትሆን አብራኝ ያደገች እህቴ ነበረችና፣ እኔም አባት ነኝ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ብርዱ አይጉዳሽ። ካልሲ ደርቢ።

ገበያነሽ እኛ ጋ ናት። ባሏ የአሰብ ቦቴ ስለሚነዳ ከወር ሦስት ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው፤ ብቻዋን ከምትሆን ብለን አመጣናት። ሌላም ወሬ አለ፤ እሱን ግን ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ።

አሁን የራሴን ላውራልሽ። አጎትሽ ትልቅ ሰው ሆኗል! መንገድ ሥራ ኩባንያው ውስጥ አፈር መርማሪ መሆኔን ታውቂያለሽ። ገረጋንቲው ተደልድሎ ሮለር ከተመላለሰበት በኋላ በደንብ መጠቅጠቁን የምናየው እኛ ነን። ድሮ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በደረቅ አሸዋ ሞልተን፣ መዝነን፣ አንዲት ቦታ ግማሽ ሰዓት ትፈጅብን ነበር። አሁን ከውጭ አገር አንድ መሣሪያ መጣ። መሬት ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ ዘንጉን ወደ ታች ትገፊዋለሽ፣ በደቂቃ ውስጥ ቁጥሩን ይነግርሻል። ጉድ እኮ ነው! ከአሥራ አራት ሰው መሃል ይህን መሣሪያ የሚይዘው እኔ ሆኜ ተመረጥኩ።

የኩባንያው ላንድሮቨር ከሐምሌ ጀምሮ ተሰብሮ ቆሟል፤ መለዋወጫ ጠፋ ይላሉ። ስለዚህ የአየር ጤናው ግቢ ኃላፊ አቶ አምሐ አስጠራኝና «ደበላ፣ አንተ ሰይቼንቶ መኪና አለችህ። ጠዋት ከቤትህ በቀጥታ ወደ ሥራው ቦታ፣ ማታ ከሥራው ቦታ በቀጥታ ወደ ቤትህ። አደራህን!» አለኝ። ይኸው ከያዝኩት አራተኛ ወሩ ነው፤ ጭረት እንኳ አላረፈበትም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሰይቼንቶዋ የመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ አልቋል፤ እዚያ ከተገኘ በሰው እጅ ላኪልኝ።

ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ።
አጎትሽ ደበላ ገሜዳ


ኡፕሳላ፣ ኅዳር 2 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ደበላ፣

አካም ጅርቱ ጋሼ? እትዬ ሸዋገነትስ? ገበያነሽስ? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ካልሲ ደርቢ ላሉኝ፣ ሦስት ነው የምደርበው፤ አሁንም ይበርደኛል።

መጥረጊያውን ገዝቻለሁ። በዚህ ወር ወደ አገር ቤት የሚመለስ ተማሪ ስላለ በሱ እልካለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እባክዎ በክፉ አይዩብኝ። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ራጅ ክፍል ነው። ስለዚያ መሣሪያ የጻፉልኝን ሳነብ ልቤ ደንገጥ አለ። መሣሪያው የሚቀመጥበት ሳጥን ምን ዓይነት ቀለም አለው? ላዩ ላይ ምልክት አለ? ሦስት ክንፍ ሆኖ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው? ማታ የት ነው የሚያድረው? መኪናዋ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ማን ይሳፈራል? ሲሰጡዎትስ ምን ብለው ነው የነገሩዎት?

ሥራዎን ለመናቅ አይደለም። እንዲያውም በእርስዎ መመረጥ ኮርቻለሁ። ብቻ ቶሎ ይመልሱልኝ።

እጅ ነስቼ፣
ልጅዎ ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ ኅዳር 28 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋጋነሽ፣

ሰላምና ጤና ካለሽበት አይራቁ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነው የቆየሁት፤ እውነቱን ልንገርሽ። እኔን ፖሊስ ጣቢያ እንደገባ ሰው መረመርሽኝ! ቢሆንም የጠየቅሽ አንቺ ነሽና እመልሳለሁ።

ሳጥኑ ቢጫ ነው። ምልክትም አለው፤ እንዳልሽው ሦስት ክንፍ ያለው ማራገቢያ ተስሎበታል። እኔም አየር ያግኝ፣ ሙቀት አይወድም ማለታቸው ነው ብዬ የመኪናዋን መስታወት ከፍቼ ነው የምነዳው። በዚህ ምክንያት ሁለቴ ጉንፋን ይዞኛል። ሲሰጡኝ ደግሞ «አደራህን» ነው ያሉኝ። ሌላ ምን ይላሉ?

የት ያድራል ላልሽኝ፦ መኪናዬ የምታድረው መንገድ ዳር መሆኑን ረሳሽው? እኔ ደበላ የሰው አደራ መንገድ ላይ ጥዬ ገብቼ የምተኛ መሰልኩሽ? ሳጥኑን በሁለት እጄ ተሸክሜ ቤት አስገባለሁ። የእኛ ክፍል ጠባብ ስለሆነች ከገበያነሽ አልጋ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ ሸፍኜ አኖረዋለሁ። እሷ እንቅልፏ ቀላል ነው፤ ሌባ ቢመጣ ቀድማ ትሰማለች።

ማን ይሳፈራል ላልሽውማ አስቀሽኛል። ኮልፌ ውስጥ መኪና ያለው ሰው መኪናው የብቻው ነው እንዴ? ጠዋት የታመመ፣ ከሰዓት ለቅሶ የሚሄድ፣ ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ፣ ሁሉም ደበላ አለ ብሎ ነው የሚወጣው። ባለፈው እሑድ የእድርተኛ ለቅሶ ነበረብን። ቤት ሰው ስለማይቀር ሳጥኑንም ይዘነው ሄድን። ስድስት ነበርን። ቦታ ስለጠበበ ገበያነሽን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኳት፤ ከፍ ብላ ብትቀመጥ የመንገዱ ጉድጓድ አያንገላታትም ብዬ። እንግዲህ ካነሳሁት ይውጣ፤ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች! አያት ልሆን ነው።

መጥረጊያው ደርሶኛል፤ ተባረኪ። አሁን ደግሞ ለሚመጣው ልጅ የሱፍ ኮፍያ ብትልኪ እናቱ ደስ ይላታል።

አጎትሽ ደበላ


ኡፕሳላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ደበላ፣

ጋሼ፣ ሰላምታውን በሌላ ቀን አደርሳለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ ቆመው እንደሆነ ይቀመጡና ያንብቡት። ከዚያ ሳጥኑን ዛሬውኑ ከቤት ያውጡት።

ምልክቱ ማራገቢያ አይደለም። ውስጡ ጨረር የሚያወጣ ነገር አለ ማለት ነው። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም። እኛ ክፍል ራጅ ሲነሱ ያለው ዓይነት ነገር ነው፤ ልዩነቱ የእኛን ማጥፊያ አለው፣ የእርስዎ ሳጥን ግን ማጥፊያ የለውም። ቢቆለፍ ይቀንሳል እንጂ አያቆምም። ገበያነሽ ስትተኛም አያቆምም።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ጨረር የሚለኩልን አሮጊት ዶክተር ዘንድ ሮጥኩ። አልጋ ሥር እንደሚያድር ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እንዲህ ዓይነት ዕቃ በመኪና ሲሄድ የሚጠበቀውን ደንብ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እንደገባኝ አድርጌ በአማርኛ ጽፌልዎታለሁ።

መሣሪያው ዘንጉ ተቆልፎ፣ እሱም ማጓጓዣ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚጓዘው። ሰው ከሚቀመጥበት እስከተቻለ ድረስ ርቆ፣ በዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ እንዳይንሸራተት በሰንሰለት ይታሰራል። ከነጂው ሌላ ማንም አይሳፈርም፤ ልጅም፣ ሽማግሌም፣ ለቅሶ የሚሄድም። የዕቃው ዓይነትና ጉልበቱ፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራው ሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ከነጂው እጅ አይርቅም፤ ነጂው ከወረደ መኪናው ይቆለፋል። መኪናው ቢጋጭ ሰው ማራቅ ነው እንጂ ሳጥኑን መነካካት የለም። ሠራተኛው ምን ያህል ጨረር እንዳገኘው የሚያሳይ የፊልም ቁራጭ ደረቱ ላይ ይሰካል። ሰው በሚያድርበት ቤት ደግሞ በጭራሽ፣ በጭራሽ አይገባም።

ሰይቼንቶ ሞተሯ ከኋላ መሆኑን አልረሳሁም። የፊቷ ጉድጓድ ከትርፍ ጎማ ሌላ አይችልም፤ ስለዚህ ሳጥኑ የሚቀመጠው ወንበር ላይ፣ ከጀርባዎ ነው ማለት ነው። ይህንን ለዶክተሯ ስነግራቸው «እንግዲያው ያቺ መኪና ይህን ዕቃ መያዝ የለባትም፤ አለቀ» አሉኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። አደራ ብለው ሰጡዎት፣ እንደ አደራ ያዙት። ከሁሉ በፊት ግን ለገበያነሽ ይንገሯት፤ ሐኪሟም ይወቅ።

ልጅዎ ዋጋነሽ


ኡፕሳላ፣ ጥር 10 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለጋሽ ደበላ፣

ወር ሊሞላ ነው፤ መልስ የለም። በየቀኑ የፖስታ ሣጥኔን እከፍታለሁ። ደብዳቤዬ ደርሶዎታል? ከተቀየሙኝ ይቀየሙኝ፤ ብቻ «ሳጥኑ ወጥቷል» ብለው አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። ለገበያነሽስ ምን አሏት?

ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ ጥር 25 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋጋነሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም፤ እጄ ብዕር አልጨብጥ ብሎኝ ነው።

ሳጥኑ ወጥቷል። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ 24 ቀን ነው። ጨርሼ ሳላነብ ገብቼ ከአልጋው ሥር ጎትቼ መኪናዋ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ነጠላውንም ጣልኩት። በማግስቱ ሰይቼንቶዋ ውስጥ ብቻዬን ይዤው ስሄድ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ጎረቤታችን እማማ ወለተጻድቅ ጃንጥላቸውን አውለበለቡልኝ። ሁልጊዜ የምወስዳቸው ሴት ናቸው። አልቆምኩም! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም። ማታውኑ «ደበላ ሹመት አናቱ ላይ ወጥቶበታል» እየተባለ ሰፈሩ ይታመሳል። እድሩ ጠርቶ ጠየቀኝ። ዕቃው ሰው የሚጎዳ ስለሆነ ነው ብዬ ስነግራቸው የእድሩ ዳኛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አንተስ ሰው አይደለህም? ለምን ተሸከምከው?» አለኝ። 

ያን ዕለት ጠዋት ግን ከፌርማታው በቀጥታ አየር ጤና ሄጄ ሳጥኑን አቶ አምሐ ጠረጴዛ ላይ፣ ሻይ ከሚጠጣበት አጠገብ ቁጭ አደረግኩለት። ተስፈንጥሮ ግድግዳው ድረስ ሄደ። ዋጋነሽ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው ያውቃል! ምልክቱ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «ምን ሆነሃል፣ አውርደው!» ብሎ ጮኸ።

«አምስት ወር ሙሉ እኔ ቤት ሲያድር ለምን አልጮኹም?» አልኩት።

የጻፍሽልኝን ደንብ አነበብኩለት። «የስዊድን ሕግ ለስዊድን ነው፤ እዚህ እንዲህ የሚል አዋጅ የለም» አለኝ።

«ሳጥኑስ ኮልፌ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል እንዴ?» አልኩት።

ጸሐፊዋ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ወዲያው መሳቢያውን ስቦ ወረቀት ሲፈልግ ምን አየሁ መሰለሽ? ከሳጥኑ ጋር የመጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ፣ ያ ሦስት ክንፍ ምልክት ላዩ ላይ ያለበት፤ ከጎኑ ደግሞ ያልሻቸው የፊልም ቁራጮች፣ እንደታሸጉ። ደሜ ፈላ። በሰይቼንቶዬ ከእንግዲህ አልይዘውም ብዬ ወጣሁ። አሁን ከመሣሪያው አንስተው አሸዋ ወንፊት ላይ መድበውኛል። ልውደቅ እንጂ አልይዝም ብያለሁ፤ አልይዝም።

ገበያነሽ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ ደበላ


ኡፕሳላ፣ የካቲት 10 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ደበላ፣

ክብርና ዕድሜ ይስጥልኝ። «ጠባዩን ይለውጣል እንዴ» ያሉትን ለዶክተሯ ተርጉሜላቸው አንድ ሰዓት ያህል ሲስቁ ነበር። እጃቸውን ልጨብጥ ብለዋል።

የአልጋውን ከፍታና ያደረባቸውን ቀናት ገምቼ ሰጥቻቸው ዶክተሯ ሒሳቡን ሠርተውልኛል። እንደ ግምታቸው ገበያነሽን ያገኛት ጨረር ለተራ ሰው በዓመት ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ልጁን ይጎዳል የሚባለው መጠን ላይ አልደረሰም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ልጅ በሰላም ይወለዳል ብለዋል። በአብዛኛው እንጂ ሁልጊዜ አላሉም፤ እኔም አልዋሽዎትም። ለሐኪሟ የሚሰጥ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፈው ፈርመውበታል፤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ኮፍያውም አለ።

ጋሼ፣ «ገበያነሽ ደህና ናት» ብለው አለፉት። ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት። ነገሯት ወይስ አልነገሯትም?

ልጅዎ ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ መጋቢት 5 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋጋነሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ወሬው እዚያም ሳይደርስሽ አይቀርም፤ አዲስ አበባ አዲስ ሆናለች። ታክሲ ነጂው አቆመ፣ አስተማሪው አቆመ፣ ሠራተኛው አቆመ፤ እርስ በርሱ ይፈራራ የነበረ ሰው ዛሬ አቤቱታ ይዞ ነው የሚዞረው። የእኛ ግቢ ሠራተኞችም የእኔን ነገር ሰምተው ስለ ሳጥኑ መጠየቅ ጀምረዋል።

አቶ አምሐ ይህን አይቶ ደነገጠ። ትናንት ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሳበልኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወንበር ሲስብልኝ የመጀመሪያው ነው። በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። ቀኑ ምን ይላል? ሐምሌ 1 ቀን 1965! «መሣሪያው ስላለው አደጋና በግል መኪና ሲጓጓዝ ስለሚጠበቀው ደንብ በሙሉ ተነግሮኝ፣ ተረድቼና ተስማምቼ ተረክቤአለሁ» ይላል። ያነበብኩለትን ያንቺን ደንብ እኮ ነው የገለበጠው! «ፈርምና ነገ ወደ መሣሪያህ ተመለስ፤ ዋና መርማሪ አደርግሃለሁ። አልፈርምም ካልክ ግን እንሰናበታለን» አለኝ። አንድ ወር ሰጥቶኛል።

እዚያው ፊቱ ላይ ልወረውርለት ነበር። አልወረወርኩም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው መናገር አልችልም።

ለገበያነሽ አልነገርኳትም። ሳጥኑን ያወጣሁ ቀን ስትጠይቀኝ «ኩባንያው መልስ አለኝ» ብያት አለፍኩ። የዶክተሯንም ወረቀት ደብቄዋለሁ። እንዴት ብዬ ልንገራት? ሌላ ሰው እኮ አይደለም ያስገባው። እኔ ነኝ በገዛ እጄ ተሸክሜ ከሥሯ ያኖርኩት፤ እኔ ነኝ ላዩ ላይ ያስቀመጥኳት። አሁን ሆዷ ገፍቷል፤ እየዘፈነች ነው የምትውለው። ብፈርም ነገሩ ይዘጋል፣ ሥራዬም ይኖራል፣ እሷም ሳትሰማ ትገላገላለች እያልኩ ሳስብ አድራለሁ። ንዴቱ ደግሞ አንገቴ ላይ ነው።

ምን ትይኛለሽ? ልፈርም?

አጎትሽ ደበላ


ኡፕሳላ፣ መጋቢት 16 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ደበላ፣

በዕድሜ ልጅዎ ነኝ፤ ከጻፍኩ በኋላ ይቆጡኝ።

አቶ አምሐ እያወቀ ለእርስዎ አልነገረዎትም። እርስዎ እያወቁ ለገበያነሽ አልነገሯትም። እሱ ሥራው እንዳይስተጓጎል ፈራ፤ እርስዎ ፊትዎ እንዳይጠቁር ፈሩ። ጋሼ፣ ልዩነቱን ፈልጌ አጣሁት።

ታኅሣሥ ላይ ጥፋት የለብዎትም ብዬ ነበር። ያን ጊዜ አልነበረብዎትም፤ አሁን አለብዎት። አካሉ የእሷ ነው፣ ልጁም የእሷ ነው፤ ሐኪሟን የምትጠይቀውን መጠየቅ ያለባት እሷ ናት።

ይፈርሙ አይፈርሙ አልልዎትም። አስቀድመው ይንገሯት፤ ከዚያ ፊቷ ቆመው መፈረም ከቻሉ ይፈርሙ። እስከ ፋሲካ ካልነገሯት እኔ እጽፍላታለሁ። ማስፈራሪያ ነው፤ አዎ፣ እያስፈራራሁዎት ነው።

ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ ይህንንም ይወቁልኝ።

ዋጋነሽ


ኮልፌ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለተቆጪዬ ለዋጋነሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ቀድጄዋለሁ። ከዚያ ቁርጥራጩን ሰብስቤ እንደገና አነበብኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሸዋገነትንም ገበያነሽንም አስቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ የደበቅኩትንም የዶክተሯን ወረቀት አወጣሁላቸው። ሸዋገነት ደረቷን መታች፣ ጮኸች። ገበያነሽ አልጮኸችም። ምስር ትለቅም ነበርና መልቀሟን ቀጠለች። 

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለችኝ።

«ከገና ሰሞን።»

በጣቷ ቆጠረች። «አቶ አምሐ አምስት ወር ተኩል ደበቀ። አንተ ሦስት ወር። አባዬ፣ አንተ ግን በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ትለኝ ነበር።»

ተነስታ ገባች። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። ምነው በጥፊ በመታችኝ እል ነበር። በሁለተኛው ቀን የዶክተሯን ወረቀት ከእናቷ ተቀብላ ብቻዋን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ አንብቦ፣ መርምሯት፣ የልጁ ልብ በደንብ ይመታል፣ በየሁለት ሳምንቱ ነይ ብሏታል። ይህንንም የሰማሁት ከሸዋገነት ነው።

በአራተኛው ቀን የአቶ አምሐን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሊፈረምበት ከተተወው ቦታ ላይ በትልልቁ «ይህ ሁሉ አልተነገረኝም። ደበላ ገሜዳ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ገበያነሽ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። «ስጠኝ» አለች። ቆማ አነበበችው። «እዚህ ውስጥ እኔ የለሁም» አለችና ብዕሩን ከእጄ ወሰደች። ከእኔ ፊርማ በታች ምን እንደጻፈች ቃል በቃል ልገልብጥልሽ፦

«ሳጥኑ ያደረው ከእኔ አልጋ ሥር ነው። ለእኔም አልተነገረኝም። ኩባንያው አልነገረኝም፤ አባቴም ካወቀ በኋላ አልነገረኝም። ገበያነሽ ደበላ።»

«የምትወስደው ከሆነ እንዲህ አድርገህ ውሰደው» አለችኝ። «የኔን ቆርጠህ ያንተን ብቻ ከወሰድክ ግን ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ከቤት እስከ አየር ጤና መንገዱ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። አቶ አምሐ የኔን መስመር ሲያነብ ፊቱ ቀላ፤ የሷን ሲያነብ ግን ፈገግ ማለት ጀመረ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደበላ፣ ይሄ እኮ ካንተ በላይ ማንንም አያሳፍርም። ልጅህ ናት የከሰሰችህ። ይህቺን እዚሁ እንቅደዳትና እንርሳው፤ ያንተ ቦታም አለ፣ ማንም አይሰማም» አለኝ። እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ።

በመዳፌ ጠረጴዛው ላይ ተጫንኩት።

«የጻፈችው እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው» አልኩት። «እኔ ከነኀፍረቴ ነው ያመጣሁት። እርስዎም የእርስዎን ኀፍረት ይቀበሉ። መዝገብ ቤት ይግባልኝ።»

«ካስገባኸው ሥራ የለህም።»

«አልሰማሁም አላልኩም» አልኩትና ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ አነበበችው፤ እኔንም አየችኝ፤ እንደገና አነበበችው። ማኅተሟን አንስታ መታችበት፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ቁጥሩንም በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ግቢው ውስጥ አሸዋ የሚነፉት ልጆች አካፋቸውን ተደግፈው ያዩኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ የስንብት ደብዳቤዬን በር ላይ ተቀበልኩ።

እቤት ስገባ ገበያነሽ ደጃፉ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«ወሰዱት?» አለችኝ።

«ማኅተም መትተውበታል። ይኸው ቁጥሩ።»

«ሁለቱንም መስመር?»

«ሁለቱንም» አልኳት።

ቁራጯን ወረቀት ተቀብላ አየቻትና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት። ከዚያ ወደ ዳር ጠጋ አለችና «ቁጭ በል» አለችኝ። ተቀመጥኩ። 

ልጁ ሲወለድ ምንም ይሁን ምን እጽፍልሻለሁ፤ ደህና ቢሆንም ባይሆንም አልደብቅሽም። አንቺም እዚያ ራጅ ክፍልሽ ውስጥ ያልተነገረሽ ነገር እንዳለ ጠይቂ። አገሩ የሰው ነው ብለሽ አትፈሪ።

እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ምላስሽንም እንዲሁ።

አጎትሽ፣ ሥራ ፈቱ ደበላ ገሜዳ